የጁሙዓ ማስተንተኛ፦ ዘግይቶ ያበበ ዛፍ

 

ዛሬ ስለ አንድ ዛፍ አብረን እናስተንትን። ስሙ ቲክ ይባላል። የመርከብ ወለል፣ በርና ውድ የቤት ዕቃ የሚሠራበት ጠንካራ እንጨት ነው። የትውልድ አገሩ ሕንድ፣ ማይናማር፣ ታይላንድና ላኦስ ሲሆን በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴትም ለዘመናት ሲተከል ኖሯል። በደቡብ ሕንድ ኬረላ፣ ኒላምቡር በሚባል ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን ከተተከለው ቲክ የተወሰነው ዛሬም ቆሟል።

ቲክ የሚተክል ሰው የሚፈልገው ግንዱን ነው። ዋጋ የሚያወጣው ቀጥ ያለ፣ ረጅምና ያልተከፈለ ግንድ ነውና። ታዲያ አበባው ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የቲክ አበባ የሚወጣው ከጫፍ ነው። ዛፉ መጀመሪያ ሲያብብ፣ ወደ ላይ ሲያድግ የነበረው ለጋ ጫፍ ራሱ ወደ አበባ ይለወጣል። ያ ጫፍ ከዚያ ወዲያ ቁመት አይጨምርም። ከሥሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት እንቡጦች ቦታውን ይወስዱና ግንዱ መንታ ይሆናል። ስለዚህ በአምስት በስድስት ዓመቱ ያበበው አጭር ግንድ ይዞ ይቀራል። ብዙ ዓመት የታገሠው ደግሞ ረጅም ግንድ ይዞ ይቆማል።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ቶሎ የማበብና ዘግይቶ የማበብ ጠባይ ከወላጅ ዛፍ ይወረሳል። ቶሎ ያበበው ዛፍ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፣ ቅርንጫፉም ለእጅ ይቀርባል። ዘር ለቃሚው ቀላሉን መርጦ ከእሱ ሥር ከለቀመ፣ ሳያስበው አጭር ግንድ እየዘራ ነው። ቲክ በነባሩ አሠራር ለመቆረጥ 50፣ 60 ዓመት ይጠብቃል። ኪሳራውን የሚያየው ለቃሚው ሳይሆን የልጅ ልጁ ነው!

ፍሬውም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። በሕንድ ቲክ የሚያብበው በዝናቡ ወራት፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው። በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ ከሺህ በላይ ትናንሽ ነጫጭ አበቦች ይኖራሉ። እያንዳንዷ አበባ ጠዋት ትከፈታለች፤ ዕድሏ ያችው አንድ ቀን ናት። ዝናቡ ከበረታ ንቦች አይወጡም። ንብ ብትመጣም ከዚያው ዛፍ የመጣ ብናኝ ብዙም አያፈራም፤ ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት። ጎረቤቱ በሌላ ሳምንት የሚያብብ ከሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከመቶ አበቦች ለፍሬ የሚበቁት ጥቂት ናቸው። ሱብሓነላህ!

በበጋው የሚረግፈው ፍሬም ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት አለው። ውስጡ አራት ክፍል ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ዘር ነው፤ ባዶውም ብዙ ነው። ችግኝ አፍዪዎች ፍሬውን ውኃ ውስጥ ያሳድራሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ደግመው ይነክራሉ። ይህን ለቀናት ይመላልሱታል። እንደ ወደቀ ከተዘራው ይልቅ ዓመት ያህል የተቀመጠው የተሻለ ይበቅላል።

እንግዲህ ሶብር ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳልሆነ ከዚህ ዛፍ እንማር። ዘግይቶ የሚያብበው ዛፍ በእነዚያ ዓመታት ሥራ አልፈታም፤ ግንዱን እየሠራ ነበር። ልጃችንን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደርን «እሱ ደረሰ፣ አንተ ገና ነህ» ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። ፍሬ አይፈለግም ማለት ግን አይደለም፤ ሁሉም ዛፍ ሳያብብ ቢቀር ለነገ የሚተከል ዘር አይኖርም። ጥያቄው ጊዜው ነው።

ሌላም አለ። ለመትከል ዘር ስትለቅሙ፣ ለእጃችሁ የቀረበውን ፍሬ ብቻ አትዩ። ቀና በሉና ግንዱን እዩ። ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ጥሩ ዛፎች ልቀሙ። የምትተክሉት እናንተ ለማታርፉበት ጥላ ሊሆን ይችላል።

አላህ ሥራችንን ያሳምርልን፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡትም የሚጠቅም ነገር የምንተው ያድርገን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ!