የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ እንዴት የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ሆነች? የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ታሪክ

ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን መልሳ ለማቋቋም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ስትፈራረም፣ ወደብ የሌለው ባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖቹን በምን ላይ ያሠለጥናል የሚለው ጥያቄ አብሮ ተነሣ። የቀድሞው ባሕር ኃይል ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አንዲት መርከብ ነበረች፤ እርሷም ለሌላ ዓላማ የተሠራች ናት።

መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ ወደ ውኃ ወረደች፤ በ1944 መጀመሪያ «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት ጀመረች። ባርኔጋት ከሚባለው የአነስተኛ የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከቦች ዓይነት ነበረች። ውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ አያሻውም፤ ነዳጅ፣ ጥይትና ጥገና፣ ለበራሪዎቹም መኝታ ግን ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ጭና ጸጥ ባለ ወሽመጥ መልሕቋን የምትጥል መርከብ ባዶውን ጠረፍ የአየር ጣቢያ ታደርገዋለች። ባርኔጋቶች 80,000 ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን እንዲይዙና አንድ ስኳድሮን እንዲደግፉ የታቀዱ ነበሩ። ኦርካ ይህን ሥራ በኒው ጊኒ፣ በፊሊፒንስና በኦኪናዋ ፈጽማለች።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ፣ በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በ1962 መጀመሪያ ኦርካን በውሰት ተረክቦ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየማት። አውሮፕላን አብሯት አልመጣም። የመጣው ድጋፍ ሰጪው አካል ነው፦ ለስኳድሮን ሰዎች የታሰበ መኝታ፣ ወርክሾፕ፣ ሰፊ የነዳጅ ጋን።

በእኔ ግምት ለማሠልጠኛነት ያበቃት ይኸው ትርፍ ቦታ ነው። ተራ የጦር መርከብ ከራሱ ባሕርተኞች በላይ ብዙ ሰው አያሳድርም፤ እርሷ ግን የእንግዳ ቤት ነበራት፤ የበራሪዎቹን አልጋ ዕጩዎቹ ወረሱት። 95 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በ18 ኖት ፍጥነት የምትጓዝ በመሆኗም ለሩቅ ጉዞ ትበቃ ነበር። (ፍጥነቷ ለውጊያ የሚያስመካ አልነበረም፤ የባሕር ኃይሉ አውራ መርከብ መባሏ ይህን ሊያስረሳን አይገባም።)

አውራነቱም ትምህርት ቤትነቱም በአንዲት መርከብ ላይ መውደቁ ግን ዋጋ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያ ገዝታ የራሷ አደረገቻት፤ ምትክ ግን አልተገኘላትም። በየካቲት 1990 ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ስትወድቅ ዋናው የጦር ሰፈር ጠፋ። በ1991 መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 የመን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠቻት።