የአሮጌ ፔጆ የፊት መስታወት አገጣጠም

ሽንኩርትና ቲማቲም ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ፔጆ 404ን ሳያውቅ አይቀርም። ይህች መኪና በፈረንሳይ አገር በ1952 ዓ.ም. መሠራት ጀመረች። ድሬዳዋ ደግሞ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት፣ ከጅቡቲ ወደብ ጋር የተገናኘች ከተማ ናት። ባጃጅ ከመብዛቱ በፊት ፔጆ 404 በከተማዋ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግላለች። ፋብሪካው እሷን መሥራት ካቆመ ግን ብዙ ዘመን ሆኗል። አርጅታ ስትደክም የሚያድሳት የእኛው አገር መካኒክ ነው።

እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች አንድ ቀን ከገበያው ብዙም ወደማይርቅ ጋራዥ ገባን። አንዲት ፔጆ ሞተሯ ተበጅቶ፣ ቀለሟ ታድሶ ቆማለች። የቀራት የፊት መስታወት ብቻ ነው። ባለቤቷ ቀደም ሲል አንድ መስታወት ገዝቶ ነበር። ሌላ ቦታ ሲገጥሙለት በቡጢ መቱትና ተሰነጠቀ። አሁን ያገኘው ከተፈታታች መኪና የወጣ ነው። ይህም ቢሰበር ሌላ የለውም። የቤተሰቡ እንጀራ ያለው በዚችው መኪና ላይ ነው።

ሽማግሌው መካኒክ መስታወቱን ገና አልነኩም። መጀመሪያ ያዩት መስታወቱ የሚቀመጥበትን የላሜራ ጠርዝ ነው። የዝናብ ውኃ በአሮጌው ላስቲክ ሥር ገብቶ ጠርዙን አዝጎታል። የዛገ ብረት ያብጣል፤ ጉብታም ያወጣል። መስታወት ጫናው ዙሪያውን እኩል ሲያርፍበት ይችላል። አንዲት ጉብታ ላይ ካረፈ ግን ይሰነጠቃል። አንዱ ጉልቻ ከፍ ያለበት ምጣድ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው። ስለዚህ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ። የተበላውን አስበየዱ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ቀለም ቀቡና እስኪደርቅ ጠበቁ። ይህ ሁሉ ሁለት ቀን ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ሄድን። ሥራው በዚህ ተራ ተሠራ፦

1. መስታወቱ ንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ ይተኛል። አዲሱ ላስቲክ ዙሪያውን ይለብሰዋል። ላስቲኩ ሁለት ቦይ አለው። አንዱ መስታወቱን፣ ሌላው የላሜራውን ጠርዝ ይይዛል።

2. ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ዙሪያውን ይቀበራል። ሁለቱ የገመድ ጫፎች ከታች፣ መካከል ላይ ይተላለፋሉ።

3. ላስቲኩና ጠርዙ በሳሙና ውኃ ይርሳሉ። ዘይትና ቤንዚን ላስቲክ ያበላሻሉ። ሳሙና ግን አንሸራትቶ ካስገባ በኋላ በውኃ ይታጠባል።

4. መስታወቱ ከውጭ በኩል ከቦታው ይቀመጣል፤ የገመዱ ጫፎች ወደ መኪናው ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ይጫናል። ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። ገመዱ ሲወጣ የላስቲኩን ከንፈር ጎትቶ ጠርዙን ያሻግረዋል። ከታች ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጎን፣ በመጨረሻም ወደ ላይ ይኬዳል።

አንዱ ጥግ ላይ ሲደርስ ላስቲኩ እምቢ አለ። ከእኛ አንዱ ለመምታት እጁን አነሣ።

«አቦ ተው! መስታወት ጉልበት አይወድም። ሳሙና ጨምር» አሉት ሽማግሌው።

ሳሙና ተጨመረ። ገመዱ ትንሽ ላላ ተደርጎ እንደገና ተሳበ። ላስቲኩ ሸርተት ብሎ ገባ። ባለቤቱ ያን ጊዜ ተነፈሰ። በላዩ ባልዲ ውኃ አፈሰሱበት፤ ወደ ውስጥ ጠብ ያለ የለም።

አንድ ነገር እንወቅ። የቤት መስኮት መስታወት አስቆርጦ ለመኪና መግጠም አደገኛ ነው። ሲሰበር እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ በሁለት መስታወቶች መካከል ስስ ሽፋን የሚጣበቅበትን ዘዴ አስመዘገበ። እንዲህ ያለው መስታወት ቢሰነጠቅም ስባሪው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዓይንና ፊት ላይ አይረጭም። በመኪና መስታወት ጥግ ላይ ዓይነቱን የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ ይታተማል። ከመግዛት በፊት ያንን ማንበብ ወይም ማስነበብ ይገባል።

ውድ አንባቢ! ወደ ገበያ ስትሳፈር የፊት መስታወቱን ተመልከት። በሾፌሩ ዓይን ፊት ስንጥቅ ካለ ንገረው። መንገዱን የሚያየው በዚያ በኩል ነው፤ አንተም የተሳፈርከው በእሱ ዓይን ነው።

ጥያቄዎች

1. ሽማግሌው መካኒክ ከሁሉ በፊት የላሜራውን ጠርዝ ያዩት ለምንድን ነው?
2. የገመዱ ሥራ ምንድን ነው?
3. በዘይት ፈንታ የሳሙና ውኃ የተመረጠው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ጉልበት የሚያበላሸው፣ ትዕግሥት የሚያቃናው ሥራ የትኛው ነው? ተወያዩበት።