ቤትን ስለ ማደራጀት፤ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የተሰጠ ትምህርት

በሀገራችን ጤነኛ ሰው ስለ ኑዛዜ ሲናገር ቤተ ሰቡ ይደነግጣል፤ «ምን ታይቶህ ነው?» ይሉታል። ስለዚህ ብዙዎች ነገሩን እስከ ሕመም አልጋ ያቆዩታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ስለ ቤቱ እንዲያስብ በነገረው ጊዜ (ኢሳ. 38፥1) ንጉሡ ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር፤ ለእርሱ ግን አስቀድሞ የሚነግረው ነቢይ ተልኮለታል። ለአብዛኞቻችን እንዲህ ያለ መልእክተኛ አይመጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት መበለት ጋር በልቅሶ ተቀምጬ ነበር። እርስዋና ባልዋ ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተው በከተማ አንድ ቤት አቁመዋል። ወሩ ሳይሞላ የባልዋ ወንድሞች መጥተው፥ «እትዬ፥ የወንድማችንን ድርሻ ልንካፈል ነው» አሉአት። እርስዋም ወደ እኔ ዘወር ብላ፥ «ሚስቱ እኔ አይደለሁምን? ከእኔ ሌላ ወራሽ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። የዚያን ቀን የምመልስላት አጣሁ። በኋላ ሕጉን ሳነብ ግን ሕጉ ከወንድሞቹ ጋር እንደ ነበረ ተረዳሁ።

በ1952 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውርስ የደነገገው ክፍል ዛሬም ይሠራል። በዚህ ሕግ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ እነርሱም እኩል ይካፈላሉ። ወንድ ከሴት አይበልጥም፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው አያንስም፤ በጉዲፈቻ የተወሰደውም እንደ ተወለደ ይቈጠራል። ከልጆቹ አንዱ አስቀድሞ ሞቶ እንደ ሆነ የእርሱ ልጆች በእግሩ ይተካሉ። (የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታችን ርስት ለምን ይቀርብናል ብለው የተከራከሩበትን ታሪክ በዘኍ. 27 ያነበበ ሰው፥ «ሴት ልጅማ ወደ ባልዋ ቤት ሄዳለች» እያለ እኅቱን የሚያስቀር ወንድም ዛሬም መኖሩ ሳያስገርመው አይቀርም።) ልጅ ከሌለ አባትና እናት ይወርሳሉ፤ እነርሱም ከሞቱ ልጆቻቸው፥ ይኸውም የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች ይተካሉ። በዚህ ሁሉ ተራ ውስጥ ሚስት ወይም ባል የሚል ቃል አይገኝም።

እንግዲህ ሚስት ባዶ እጅዋን ትቀራለችን? አትቀርም። በጋብቻ ዘመን በአንድነት የተፈራው ሀብት የሁለቱ ስለ ሆነ፥ እኩሌታው የእርስዋ ነው፤ ይህንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አጽንቶታል። እርስዋ ግን ይህን የምትወስደው በውርስ አይደለም፤ ቀድሞውኑ የራስዋ ስለ ሆነ ነው። የባልዋ እኩሌታ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል፤ አንድ ቤት ደግሞ ለሁለት ስለማይቈረስ፥ ወይ ድርሻቸውን ትገዛለች ወይ ቤቱ ይሸጣል።

ይህን ሊለውጥ የሚችለው ኑዛዜ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ሀብቱን ሁሉ ለሚስቱ ሊናዘዝ ይችላል፤ ወንድሞቹን ስለ ማስቀረቱም ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም። ልጅን ከውርስ መንቀል ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ተናዛዡ በግልጽ መናገርና ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፥ ዳኛም ምክንያቱን ይመዝነዋል።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረገው ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም ሌላውን ያስጽፋል፤ ከዚያም በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፥ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ይገለጻል፥ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ይህ ምስክር አያሻውም፤ ነገር ግን ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፥ በእያንዳንዱም ቅጠል ላይ ቀንና ፊርማ ይደረጋል። በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ግን ፈራሽ ይሆናል፤ በሣጥን ሥር የተረሱ ስንት ወረቀቶች በዚህ ቀርተው ይሆን!

ሦስተኛው በቃል የሚደረገው ነው፤ ሕዝባችን ከሁሉ ይልቅ የሚታመነውም በዚህ ነው። የታመመው አባት ሰዎችን በአልጋው ዙሪያ ሰብስቦ «ቤቴ ለእገሌ ይሁን» ይላል፤ የሰሙትም ያለቅሳሉ፥ ቃሉንም ይጠብቃሉ። ሆኖም በሁለት ምስክሮች ፊት የተነገረ ቃል የሚጸናው ለሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ስለ መሾም፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከኖረም ቃሉ ይቀራል። ስለዚህ ቤት በቃል አይተላለፍም።

ወደዚያች መበለት ልመለስ። ከልቅሶው በኋላ ከባልዋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። ከእኛ አስቀድሞ የሞተ እንደ ሆነ ሁሉ ነገር ለቀረው ይሁን የሚል ነበር፤ በባልዋ እጅ ተጽፎ ሁለቱም ፈርመውበታል። በፍቅር የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜ በሕጋችን ዋጋ የለውም። ባል ለብቻው፥ ሚስትም ለብቻዋ በየወረቀታቸው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ይጸናላት ነበር። ይህን ሳስረዳት ወረቀቱን አጥፋ ወደ ስፍራው መለሰችው።

ኑዛዜ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላም እየታየ ይታደስ። ለትዳር ጓደኛ የተደረገ ስጦታ ጋብቻው በፍቺ ከፈረሰ ይቀራል፤ ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደም የተጻፈው ሊናጋ ይችላል። ደግሞም ከስጦታው ሁሉ በፊት የቀብር ወጪና ዕዳ ስለሚከፈል፥ ያለብንን ብድርና የዕቁብ ዕዳ፥ በሰው እጅ ያለንንም ገንዘብ ጽፎ ማኖር ለወራሽ ታላቅ ዕረፍት ነው። የገጠር ገበሬ ደግሞ ይህን ያስተውል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ የሚተላለፈው የይዞታ መብቱ ነው፤ እርሱም የራሱ ሕግ ስላለው የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች አንድ ቃል አለኝ። ኑዛዜ እንድትጽፉ ወይም እንድትመሰክሩ ስትጠሩ ሂዱ፤ ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስማችሁ በተቀባዮች መካከል አይግባ። በታመመ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ካህንም ሐኪምም የሚቀበለውን ስጦታ ሕጉ በጥርጣሬ ይመለከተዋል።

መበለቲቱ የወንድሞቹን ድርሻ በብድር ገዛች፤ ዕዳውንም ገና እየከፈለች ነው። በዚያው ዓመት አራት ሰዎችን ወደ ቤትዋ ጠርታ ቡና አፈላች፤ እኔም ከአራቱ አንዱ ነበርሁ። ቤቱን ላሳደገቻት ለእኅትዋ ልጅ ተናዝዛ፥ ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ እርስዋ ቀድማ ፈረመች፥ እኛም ተከተልን፤ በማግሥቱም ወረቀቱን ራስዋ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ወሰደችው።