ከለገሐር እስከ ቃሊቲ፤ ጐዳናውና ሐዲዱ ለነጋዴ የሚያስተምሩት

ሱቅ ለመከራየት ወይም መጋዘን ለመሥራት ያሰበ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ሥፍራ የሚወርደው ሰው ነውን ወይስ ዕቃ? የሚለው ነው። ሁለቱ በአንድ ጣቢያ ይገናኙበት የነበረ ዘመን ነበር፤ ዛሬ ግን ተለያይተዋል። ይህን ሳያስተውል የብዙ ወር ኪራይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ጕዳቱ በገዛ እጁ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ከለገሐር ተነሥተን በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውን የደብረ ዘይት መንገድ እንመርምር።

ዐፄ ምኒልክ ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሐር ጣቢያ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም ተመረቀ። ለገሐር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የተገኘ ሲሆን ትርጕሙ ጣቢያ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ግን ፈጽሞ የራሱ አድርጎታል። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚያ ይራገፍ፥ ተጓዡም እዚያው ይወርድ ስለ ነበረ፥ አስመጪው፥ የጉምሩክ አስተላላፊውና ባለ ሆቴሉ ከጣቢያው አጠገብ መሆን ይጠቅማቸው ነበር።

በመስከረም 2009 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ ምድር ባቡር ሲመረቅ ነገሩ ተለወጠ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፥ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ አዲሱ ፉርጎ በአሮጌው ሐዲድ ወደ ለገሐር ሊገባ አይችልም። አዲሱ ሐዲድም በከተማው ዳር እንዲያልፍ ተደረገ፤ ተጓዡ በፉሪ ለቡ ይወርዳል፥ ጭነቱ በእንዶዴ ይራገፋል።

በጐዳናው ላይ የቀረው እንግዲህ የሰው ባቡር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ሪቼን፥ ጠመንጃ ያዥን፥ ላንቻን፥ ንፋስ ስልክን፥ አደይ አበባን፥ ሳሪስንና አቦን አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው፤ ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ ይሠራ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ፥ አደይ አበባ ከክር ፋብሪካው፥ በዚሁ መንገድ ያለው ጎተራም ከእህል ማከማቻው የተወሰዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ቸርቻሪው ልብ ሊል ይገባዋል። ሐዲዱ በጐዳናው መካከል ታጥሮ ስለሚያልፍ፥ ከወዲህ የቆመ ደንበኛ ከማዶ ያለውን ሱቅ በዓይኑ እያየ ወደ መሻገሪያው መሄድ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከጣቢያው ያለውን ርቀት በካርታ መለካት አይበቃም፤ በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ጧት የሚሳፈረው ሰው ይቸኩላልና ጋዜጣ እንኳ የሚገዛው በጭንቅ ነው፤ ማታ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያመራው ግን ዳቦ፥ አትክልትና ሻማ ይይዛል። ተከራዩ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በሥራ ቀን ማታ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አላፊውን ቢቈጥር፥ ይልቁንም ተሳፋሪው ከባቡር ወደ ታክሲ የሚዛወረው በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ቢያይ፥ ከደላላው ምስክርነት የበለጠ ያገኛል። ባቡሮቹ 41 ሆነው ቢጀምሩም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ መቆማቸውን ደግሞ አይርሳ፤ ጣቢያ ስላለ ብቻ በእጥፍ የተጠየቀ ኪራይ ሊመረመር ይገባዋል።

የጅምላ ነጋዴ በሳሪስ ጣቢያ ፊት ለፊት መጋዘን ቢይዝ ትርፉ አይታየንም። ቀላሉ ባቡር ኩንታል አይጭንም፤ ካሚዮኑም አጥሩን ዞሮ ለመመለስ ነዳጅ ይፈጃል። ለእርሱ የሚሻለው ከቃሊቲ ወዲያ በአቃቂ በኩል ወደ እንዶዴ የቀረበው ሥፍራ ነው። በቃሊቲ መጨረሻ ጣቢያና በእንዶዴ መካከል የሚያገናኝ ሐዲድ የለምና፥ ያንን ክፍተት የሚሞላው የካሚዮን ባለቤት ነው።