ሃምሳውን ሎሚ አውርዱት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ የባንክ አፕ፣ የመሥሪያ ቤት ሲስተም… እስቲ ፓስወርዶቻችሁን ቁጠሯቸው፤ የእናንተስ ሎሚ ሃምሳ አይሞላም? ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚዞር ሰው የለምና ሁላችንም አቋራጭ እንፈልጋለን። አንዱ ስልክ ቁጥሩን፣ ሌላው የልጁን ስም ከልደት ዓመቱ ጋር ያደርግና በሄደበት ሁሉ እሱኑ ይደጋግማል። ስልክ የሸጠልን ልጅ እዚያው ቆመን የከፈተልን ጂሜይልም አለ። ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነበር፤ እሱም ረስቶታል!

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ሸክም ይወርዳል። ያውም ካዝናው በራሳችሁ ቤት፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትንሽ ትዕግሥትና «የራሴን ጉዳይ ራሴ እይዘዋለሁ» የሚል ቁርጥ ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ጠላትን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል ፓስወርዶች ተዘረፉ፤ የተቀመጡት ሳይመሰጠሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተገኘው 123456 ሆነ። ሌቦች እንዲህ ያለ ዝርዝር እጃቸው ሲገባ ቁጭ ብለው አይገምቱም፤ ያገኙትን ኢሜይልና ፓስወርድ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ሁሉ በፕሮግራም ይሞክሩታል። ከአንድ ተራ የጨዋታ ገጽ ያመለጠ ፓስወርድ ኢሜይላችሁን የሚከፍተው በዚህ መንገድ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አካውንት ሌላ ቦታ የማይደገም፣ ረጅም፣ ማሽን ያመነጨው ፓስወርድ መስጠት ነው። ያንን የሚያመነጭላችሁም የሚያስታውስላችሁም ፓስወርድ ማናጀር ይባላል፤ ካዝና ያልነው እሱን ነው።

ካዝናውን ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያቀርበው ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። «ሰርቨር» ሲባል ሆዳችሁ ከፈራ በትንሹ ጀምሩ። ኪፓስኤክስሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም ነገር በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ለአንድ ሰውና ለአንድ ኮምፒውተር ይህ ይበቃል። ስልኩም ላፕቶፑም አንድ ላይ እንዲናበቡ፣ የትዳር ጓደኛም እንድትገባበት ወይም እንዲገባበት ስትፈልጉ ግን ወደ ቮልትዋርደን እለፉ። ቮልትዋርደን በስፋት የሚታወቀው የቢትዋርደን አፕ የሚሠራበት፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ነጻ ሰርቨር ነው። ጥግ ይዞ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ዶከር የተባለው፣ ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው የሚያሠራው ፕሮግራም የተጫነበት ማሽን ላይ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ይነሳል።

ሁለት ነገር ግን አትዝለሉ። አንደኛ፣ ብሮውዘሩ ካዝናውን በትክክል የሚከፍተው በተመሰጠረ ግንኙነት፣ ማለትም በኤችቲቲፒኤስ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ለጀማሪ የሚቀለው ቴይልስኬልን በመሰለ የግል ኔትወርክ መጠቀም ነው፤ ሰርቨሩን ለዓለም ሁሉ ሳታጋልጡ የራሳችሁ መሣሪያዎች ብቻ ያገኙታል። ሁለተኛ፣ የቤተሰቡ አካውንቶች ተከፍተው እንዳለቁ አዲስ ሰው የሚመዘገብበትን በር ከቅንብሩ ዝጉት። ከዚያ በኋላ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ማዘመን የእናንተ ሥራ ነው፤ ባለቤትነት ማለት ይኸው ነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው! የስልኩ አፕ የካዝናውን የተመሰጠረ ቅጂ እዚያው ስልኩ ላይ ይይዛል። ሎግ አውት እስካላላችሁ ድረስ ሰርቨሩ ቢጠፋም ፓስወርዳችሁን ታያላችሁ፤ አዲስ ለመመዝገብ ወይም ለመቀየር ብቻ መብራቱ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁልፍ እንምጣ፤ በቃላችሁ የምትይዙት እሱን ብቻ ነውና። አርኖልድ ሬይንሆልድ እ.ኤ.አ. በ1995 ዳይስዌር የሚባል ዘዴ አስተዋወቀ፦ ዳይስ እየወረወሩ 7,776 ቃላት ካሉት ዝርዝር ቃል መምረጥ። ስድስት ቃል ብትመርጡ ሊገጣጠሙ የሚችሉበት መንገድ ከ200 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣል። በአማርኛ ስትሞክሩት ወፍራም መዝገበ ቃላት አንሱ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግለጡ፣ ጣታችሁ ያረፈበትን ቃል ጻፉ፣ ስድስት ጊዜ ድገሙት። ከተረት፣ ከመዝሙር ወይም ከምትወዱት ዘፈን አትውሰዱ፤ እናንተ የምታውቁትን ሌባውም ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፉት ከሆነም «ጨ»ን እንዴት፣ «ፀ»ን እንዴት እንደምትጽፉ ከመጀመሪያው ቁርጡን ወስኑ። ማሽኑ አንድ ፊደል እንኳ ይቅር አይልም።

በራሳችሁ ካዝና ላይ «ፓስወርዴን ረሳሁ» ብላችሁ የምትደውሉለት ሰው የለም። ስለዚህ ስድስቱን ቃላት በወረቀት ጽፋችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ የቤት ካርታና የልደት ሰርተፍኬት ከሚቀመጡበት ጋር አኑሩት። ዋናውን ቁልፍ በቁም ነገር ውሰዱት። ላስትፓስ የተባለው ትልቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የደንበኞቹ ካዝና ቅጂ መሰረቁን ይፋ ሲያደርግ፣ በሌቦቹና በተመሰጠሩት ፓስወርዶች መካከል የቀረው የእያንዳንዱ ደንበኛ ዋና ቁልፍ ጥንካሬ ነበር። ሰርቨሩ የማንም ይሁን የማን፣ የመጨረሻው አጥር ቁልፉ ነው።

ለባክአፕ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። በሳምንት አንዴ ቮልትዋርደንን ለአፍታ አስቁሙና የዳታ ፎልደሩን በፍላሽ ወይም በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅዱት፤ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ የምታምኑት ዘመድ ጋ ይቀመጥ። ቀድታችሁም አትተዉት፤ አንድ ቀን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ገና ምኞት ነው።

ሃምሳውን በአንድ ሌሊት ለመጨረስ ግን አትነሡ! ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ኢሜይል፤ የብዙው አካውንት ፓስወርድ ሲቀየር ማረጋገጫው የሚላከው እሱ ጋ ነውና። ቀጥሎ ገንዘብ የሚነካውን ሁሉ አስተካክሉ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። የቀሩትን፣ የገባችሁበትን ገጽ በገባችሁበት ቀን ቀይሩ። ወር ሳይሞላ የምትጠቀሙበት ሁሉ ካዝናው ውስጥ ይሆናል።

የምታተርፉት ደኅንነት ብቻ አይደለም። ትናንት «ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» ያላችሁትን ነገር በገዛ እጃችሁ አቁማችሁ፣ አዘምናችሁ፣ ከባክአፕ መልሳችሁ ስታዩ ለሌላውም ነገር ድፍረት ታገኛላችሁ። ቀጣዩ የፎቶ ማከማቻ፣ ከዚያም የሱቃችሁ የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ሁሉን አውቆ አልጀመረም፤ የሚያውቁትም ያወቁት ጀምረው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከቴሌቪዥኑ በፊት መዝገበ ቃላቱን አውርዱ። ስድስት ቃል ምረጡ፣ ፖስታውን አሽጉ፣ የኢሜይላችሁን አዲስ ፓስወርድ በኪፓስኤክስሲ አመንጭታችሁ ቀይሩ። ቅዳሜ አሮጌውን ላፕቶፕ ከጥጉ አንሱት። ሥራው ከተሳካላችሁ በኋላ ደግሞ ወደ እናታችሁ ስልክ እለፉ!