ከተመለሰ በኋላም የሚንሸራተት ክርን

ጥያቄ፦ ከአሥር ቀን በፊት ሐይቅ ዳር ከሞተር ሳይክል ወድቄ ክርኔ ወለቀ። ወጌሻ መለሰልኝ፤ ነገር ግን እጄን ስዘረጋ ቋ ብሎ ይንሸራተታል። በእሽት ይድናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። አይታሹ፤ እሽት ጉዳቱን ከማባባሱም በላይ በጡንቻ ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል።

ክርን ጸንቶ የሚቆመው በአጥንቶቹ መገጣጠምና በግራ ቀኝ በያዙት ጅማቶች ነው። በተዘረጋ እጅ ሲወደቅ፣ ከውልቃቱ ጋር የራዲየስ አጥንት ራስና ኮሮኖይድ የሚባለው የአልና አጥንት የፊት ጫፍ ሊሰበሩ ይችላሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሆችኪስ በ1996 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ሦስት ጉዳቶች ጥምረት «አስከፊው ሦስትዮሽ» ብሎታል። ኮሮኖይድ ክርኑ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ እንደ ማገጃ ያገለግላል፤ እሱ ከተሰበረና ጅማቱ ከተበጠሰ የተመለሰው መገጣጠሚያ ደግሞ ይወልቃል።

ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከፊትና ከጎን ራጅ ይነሣሉ፤ ስብራቱን አጥርቶ ለማየት ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ የተሰበረው ይታሰራል፣ የደቀቀው የራዲየስ ራስ በሰው ሠራሽ ይተካል፣ ጅማቱም ይሰፋል። ከዚያም ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ቶሎ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ከ3 ሳምንት በላይ ታስሮ የቆየ ክርን ይደርቃል።

ጣትዎ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ ግን ነገ አይበሉ፤ ጠብቆ የታሰረውን ወዲያው አስፈትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።