ወጌሻና የደም ብዛት

በሐይቅና በአምባሰል ሰው እግሩን ወለም ሲለው ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል። እርከን ሲሠራ የዋለ ገበሬም ማታ ማጅራቱ ሲደነድንበት «እስቲ እሺኝ» ብሎ ሚስቱን ይለምናል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው፤ አንንቀውም። ሥጋት የሚመጣው የሚታሸው ሰው ደም ብዛት ሲኖርበት ነው።

እንዲህ እንበል። አንድ አባት ማጅራታቸውን ያዛቸው። ጎረቤት «አባባ፣ ድካም ነው፤ ይታሹ» አላቸው። ታሹ፤ ሕመሙ ለቀቃቸው፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። በማግሥቱ «ድኛለሁ» ብለው ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን የደም ብዛት ኪኒን ተዉት። የለቀቃቸው ግን የሥጋና የጅማቱ ሕመም ነው። ግፊቱ እዚያው አለ።

«ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ደም በዝቶ አይደለም። ልብ ደምን በደም ሥር ውስጥ ትገፋለች፤ የደም ሥሩ ሲጠብና ሲደድር ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ በዋግምት ደም ማስወጣት አያድነውም። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ እንዳለ ሲኖር ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል፤ አንጎል ውስጥም ደም ያፈሳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም ሕመም አያሰማም። ሰውየው ሲያርስ ይውላል፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ማረፍ ይገባል። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ደም ብዛት ይባላል። ፊደል ቆጥረናልና ቁጥሩን ራሳችን እናንብብ፤ ከነቀኑ ጽፈን እናስቀምጥ።

ታዲያ ደም ብዛት ያለበት ሰው አይታሽም? ኪኒኑን እየዋጠ ግፊቱ የረጋለት ሰው ቀስ ተብሎ ቢታሽ አይከፋም። ሰውነቱ ይፍታታል፤ ግፊቱም ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ሊል ይችላል። ወጌሻውን ግን አስቀድሞ «ደም ብዛት አለብኝ» ይበለው። በአንገት ጎንና ጎን ትርታ የሚሰማበትን ቦታ መጫን አይገባም፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በዚያ ያልፋል። ታሽቶ ሲያበቃም ዘሎ አይነሣ፤ ሊያዞረው ይችላል። ግፊቱ 180 በ110 የደረሰ ሰው ግን መታሸቱን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ቢሞቅና ቢያም ፈጽሞ አይታሽ። በደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ይገድላል። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰርም «ምች ነው» ብለን ወጌሻ ስንጠራ ሰዓት ያልፋል። ያን ጊዜ በሽተኛውን በቃሬዛ አንሥተን ወደ መኪና መንገድ እንውረድ። የወልድያና የደሴ መንገድ በውጫሌና በሐይቅ ያልፋል፤ ደሴም ሆስፒታል አለ።

ስለ ጨው አንድ ነገር እንጨምር። ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃዋል። ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በወሎ ግን ቡናን በጨው የሚጠጣ ብዙ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። የወጡ ጨው ሳይቆጠር ከአቦል እስከ በረካ ስንት ቁንጥር እንደሚገባ አስቡት። ጨው ያልነካው ቡና መጀመሪያ አይጥምም፤ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ግን ምላስ ይለምደዋል።